ውሃ የሚያሾልክ ካብ

ጥሩ እርከን ከሩቅ ዓይን አይስብም። ከመቀሌ ተነስቶ ውቅሮን ካለፈ በኋላ ወደ ምዕራብ ታጥፎ ወደ አብርሃ ወአጽብሃ የሚወርድ መንገደኛ ተራራው ላይ የተዘረጉትን መስመሮች ማየቱ አይቀርም። ግን ቀዩ ገደል አለ፣ ከአለት የተፈለፈለው ዝነኛው ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ዓይን ወደ እነሱ ይሮጣል። ካቡን ለማየት ከመኪና መውረድ፣ ጥቂት ሽቅብ መውጣትና አንዱ መስመር ሥር ቁጢጥ ማለት ያስፈልጋል።

ያኔ የሚታየው ነገር ሌላ ነው። የካቡ የታች ፊት ቀጥ ብሎ አልቆመም፤ ወደ ተራራው ዘመም ብሏል። ሦስት ክንድ ከፍ ባለ ቁጥር አንድ ክንድ ወደ ውስጥ ይገባል። አፈር በሚጠራቀምበት በላይኛው ጎን ዘመምታው ቀለል ይላል፤ ለአራት አንድ። የመጀመሪያው ረድፍ መሬት ላይ ጣል የተደረገ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ 30 ሳንቲሜትር ያህል ተቆፍሮለት ነው የገባው። ትልልቁ ድንጋይ የሚቀመጠው እዚያ፣ ከእንግዲህ ማንም በማያየው ቦታ ነው። ችኩል ሠራተኛ ትልቁን ድንጋይ ለእይታ ብሎ አናት ላይ ይሰቅለዋል፤ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ያወርድለታል።

ከዚያ ድንጋዩን አንድ በአንድ ማየት ነው። በጥሩ ካብ ውስጥ እያንዳንዱ ድንጋይ ረጅም ጎኑን ወደ ካቡ ሆድ አስገብቶ አጭር ጎኑን ወደ ውጭ ያሳያል። ለእይታ ያልተመቸ፣ ለሥራ የተመቸ አቀማመጥ ነው። ረጅሙን ጎን ወደ ውጭ ያዞረ ሰው በጥቂት ድንጋይ ብዙ ሜትር ይሸፍናል፤ ካቡም በሩቁ ያምርለታል፤ ግን የሠራው ቅርፊት ነው። ከጀርባ አፈር ሲገፋው ድንጋዮቹ የሚይዛቸው የላቸውም፤ ካቡ ሆድ ያወጣል፣ ይወርዳል። መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ላይ አይወድቅም፤ ሁለት ድንጋይ የተገናኙበትን ስንጥቅ ከላይ አንድ ድንጋይ ይጫነዋል። የቀረውን ክፍተት የሚሞላው ጠጠር ደግሞ ከውስጥ በኩል ነው የሚሰገሰገው። ከፊት በኩል በመዶሻ እየተመታ የገባ ጠጠር ለጊዜው ያጠብቃል፤ ፍየል ሁለት ጊዜ ከተመላለሰበት ግን ተፈናጥሮ ይወጣል።

ሲሚንቶ የለም። ጭቃም የለም። ይህ ከድህነት የመጣ ጉድለት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ግን የሥራው ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። በሲሚንቶ የታሰረ ግንብ ተራራ ላይ ቢዘረጋ ከኋላው ውሃ ይቋጥርና በአንድ ደካማ ጎኑ ይበጠሳል፤ ሲበጠስ የሚለቀው ጎርፍ ግንብ ባይኖር ከሚወርደው የባሰ ነው። ደረቁ ካብ ወንፊት ነው። ውሃውን ያሳልፋል፣ አፈሩን ያስቀራል። ውሃው ሲያልፍም እንደ ልቡ አይደለም፤ ሮጦ የመጣው ተንፈስ ብሎ፣ ተከፋፍሎ፣ ብዙው ወደ ታች ሰርጎ፣ የቀረው በቀስታ ሾልኮ። ስለ መስኖ ስንነጋገር ቦይና ግድብ እናስባለን። የዚህ ሸለቆ መስኖ ግን የተጀመረው ማንም ሰብል በማይዘራበት ዳገት ላይ፣ ውሃን በማሾለክ ነው።

መቀሌ ድንጋይ የምታውቅ ከተማ ናት። አጼ ዮሐንስ አራተኛ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ጣሊያናዊውን ጂያኮሞ ናሬቲን ይዘው ያሠሩት ቤተ መንግሥት እስካሁን ቆሟል፤ ከእሱ በኋላም በየሰፈሩ የተነሱት የጥርብ ድንጋይ ቤቶች ከተማዋን ለይተው ያሳውቋታል። የመቀሌ ጠራቢ ሥራውን የሚያሳየው ፊት ለፊት ነው፤ ማዕዘኑን ያሾላል፣ ፊቱን ያስተካክላል፣ መስመሩን በቱንቢ ያቀናል። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ተራራው ላይ የተሠራው ካብ ደግሞ የዚያው ድንጋይ፣ ብዙ ጊዜም የዚያው እጅ ሥራ ነው። ስለ ቤተ መንግሥቱ የተጻፈው ብዙ ነው፤ ስለ ካቡ የምናነበው የግብርና ሪፖርት ውስጥ በኪሎ ሜትር ተቆጥሮ ብቻ ነው።

የካቡ ግማሽ ጥበብ ግን ድንጋይ ከመነሳቱ በፊት ያልቃል። እርከን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ከፍታ ላይ መሄድ አለበት። ዓይን በዚህ ጉዳይ አይታመንም፤ ተራራ ላይ የቆመ ሰው ዓይን ቁልቁለቱን ሁልጊዜ ያዛባዋል። ስለዚህ ሁለት እኩል እንጨት፣ አሥር ሜትር ገመድ፣ ገመዱ መሐል ላይ የምትንጠለጠል ትንሽ ውሃ ልክ። አንዱ ሰው ቆሞ ይቀራል፤ ሌላው ገመዱን ወጥሮ ወደ ላይ ወደ ታች ይላል፤ ሦስተኛው አረፋዋን እያየ ይመራዋል። አረፋዋ መሐል ስትቆም እንጨቱ የቆመበት ቦታ በችካል ወይም በድንጋይ ምልክት ይደረግበታል። ከዚያ እንደገና አሥር ሜትር። በአንድ ችካል ላይ የአንድ ስንዝር ስህተት ከተሠራ የዚያ መስመር ውሃ ሁሉ ወደዚያች ዝቅ ያለች ቦታ ይሰበሰባል፤ ካቡም እዚያው ይፈርሳል። የፈረሰውም ከሥሩ ያለውን ካብ ይዞ ይወርዳል። ተራራ የሚጠብቀው መሣሪያ ከጣት የማትበልጥ አረፋ መሆኗ አንዳንዴ ያስቀኛል።

ከካቡ በላይ በኩል ገብ ያለ ጉድጓድ አለ፤ ሦስት ሜትር ያህል ርዝመት፣ ግማሽ ሜትር ስፋት፣ ግማሽ ሜትር ጥልቀት። ውሃው መጀመሪያ የሚወድቀው እሱ ውስጥ ነው። መሐሉ ላይ ሳይቆፈር የተተወ አጭር የአፈር ድልድይ ይታያል። የተረሳ አይደለም፤ ጉድጓዱ ፍጹም ካልተስተካከለ ውሃው ሁሉ ወደ አንድ ጫፍ እንዳይሸሽ የሚያግድ ነው። ለስህተት ቀድሞ ቦታ ያስቀመጠ ሥራ ደስ ይለኛል። ሥራውን የሚሠሩት ገበሬዎች ገመዱን ሲወጥሩ እንደሚያዛንፉ የሚያውቅ ሰው ያሰበው ነገር ነው።

አብርሃ ወአጽብሃ በክልተ አውላዕሎ ወረዳ ያለች የገጠር ቀበሌ ናት። ስሟን ያገኘችው ከቤተ ክርስቲያኑ፣ ቤተ ክርስቲያኑም ክርስትናን በአክሱም ተቀበሉ ከሚባሉት ሁለቱ ወንድማማች ነገሥታት ነው። መሬቱ አሸዋማ ነው፤ ዝናቡ አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ተጠቅልሎ ይወርዳል፤ ተራራው ራቁቱን በቀረበት ዘመን ያ ዝናብ አፈሩን ጠርጎ በቦረቦር ይዞት ይወርድ ነበር። በ1990ዎቹ ገደማ ነገሩ ከመክፋቱ የተነሳ ሕዝቡን ወደ ሌላ ቦታ ወስዶ ማስፈር እንደ መፍትሔ ቀርቦ ነበር። ነዋሪዎቹ አልሄዱም። ከቀሩበት ምክንያት አንዱ የቀበሌው መሪ የነበሩት ገብረሚካኤል ግደይ በርሀ ናቸው፤ ሰው የሚያውቃቸው አባ ሓዊ ብሎ ነው፣ የእሳት አባት። ቅጽል ስሙ ለትጋታቸውም ለቁጣቸውም ይስማማል ይባላል።

አባ ሓዊ የምህንድስና ዲግሪ የላቸውም። እኔ ግን መሐንዲስ ብዬ ለመጥራት አላመነታም፤ ምክንያቴም የሥራው ቅደም ተከተል ነው። ውሃ ያጣ ሸለቆ ሲገኝ የሁሉም ሰው እጅ ወደ ሸለቆው ይሮጣል፤ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ግድብ ይሠራል። እዚህ የተጀመረው ከአናት ነው። መጀመሪያ ተራራው ከከብት ንክኪ ነጻ ተደረገ። ቀጥሎ እርከኑና ጉድጓዱ ከላይ ወደ ታች ወረደ። ከዚያ ቦረቦሩ በድንጋይ ክትር ታሰረ። ከዚያ ውሃ የሚያሰርጉ ኩሬዎች ተቆፈሩ፤ ውሃ እንዲያጠራቅሙ ሳይሆን መሬት ውስጥ እንዲያስገቡ። የመስኖ ጉድጓዱ መጨረሻ ላይ መጣ። ይህን ቅደም ተከተል ያዛነፈ ሰው፣ ከላይ ያለው ተራራ ሳይታሰር ከታች ክትር የሠራ ሰው፣ በአንድ ክረምት ክትሩን በደለል ይቀብረዋል። ብዙ ቦታ ሆኗል።

ጉድጓዶቹ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የዚህ ሥራ ውበት የገባኝ እነሱ ጋ ነውና። በቀበሌዋ በእጅ የተቆፈሩት ጉድጓዶች ከመቶ ይበልጣሉ። አብዛኞቹ ጥልቅ አይደሉም። ጥልቅ አለመሆናቸው ደግሞ ድክመታቸው ሳይሆን ዋናው ስኬት ነው። በእግር የሚረገጥም ሆነ በትንሽ ሞተር የሚሠራ መምጠጫ ፓምፕ ውሃን የሚስብ ይመስለናል። እውነቱ ሌላ ነው፤ ፓምፑ ቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ያወጣል፣ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው ጉድጓዱ ላይ የሚጫነው የውጭው አየር ነው። የአየሩ ጉልበት በባሕር ጠለል ላይ ውሃን አሥር ሜትር ያህል ከፍ ማድረግ ይችላል። ወደ 2000 ሜትር ከፍታ ሲወጣ አየሩ ስለሚሳሳ ወሰኑ ወደ ስምንት ሜትር ይወርዳል፤ የቱቦው ፍትጊያና የጎማው ማርጀት ሲታሰብ ደግሞ በተግባር ከስድስትና ከሰባት ሜትር በላይ ተስፋ የለም። ስለዚህ ውሃው በአሥራ ሁለት ሜትር ጥልቀት ላይ ላለበት ገበሬ ውሃ የለውም ማለት ይቻላል፤ በባልዲ ጎትቶ ይጠጣ እንደሆነ እንጂ ማሳ አያጠጣም። ውሃው ወደ አምስት ሜትር ከወጣለት ግን በአንድ ርካሽ ፓምፕ ሽንኩርትና ቲማቲም ያበቅላል፣ ማንጎና አቮካዶ ይተክላል። ተራራው ላይ ካብ መካብ ማለት፣ በዚህ ሒሳብ፣ ውሃውን ፓምፑ ሊደርስበት ወደሚችለው ጥልቀት ከፍ ማድረግ ማለት ነው። እነዚያ ድንጋዮች ከጉድጓዱ ኪሎ ሜትር ርቀው የተደረደሩ የፓምፑ አካል ናቸው።

የጉድጓዱ ውስጥ ግንብም ዘዴ አለው። አሸዋማ መሬት ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድ ካልተገነባ ይናዳል። ግን ታች ያለውን ረድፍ በሲሚንቶ የደፈነ ሰው ውሃው የሚገባበትን በር ይዘጋል። ስለዚህ ከታች ደረቅ ካብ፣ ከኋላው ጠጠር፤ ከላይ ደግሞ አፉ ጠበቅ ያለ፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ የክረምት ጎርፍ ጭቃ ይዞ እንዳይገባበት። ድንጋዩም በክብ ስለሚደረደር አንዱ ሌላውን ይገፋዋል፤ አፈሩ በገፋ ቁጥር ይበልጥ ይጠብቃል። ገብቶ ያየ ሰው ጭንቅላቱን ወደ ላይ ቀና ሲያደርግ የሚያየው ቀለበት ያለ ምንም ማያያዣ የቆመ ነው።

ይህ ሥራ በተጠናከረበት ጊዜ የትግራይ ክልል ሌላ መንገድም ሞክሮ ነበር። በ1980ዎቹ ማብቂያ የተቋቋመው ኮሳርት በመባል የሚታወቀው ኮሚሽን በአሥር ዓመት 500 ትናንሽ ግድቦች ሠርቶ 50000 ሔክታር ለማልማት አቀደ። እቅዱ ደፋር ነበር፤ መሐንዲሶቹም ሰነፎች አልነበሩም። የተሠሩት ግድቦች ግን ከ50 ብዙም አልዘለሉም። አንዳንዶቹ ከታሰበው ቀድመው በደለል ተሞሉ፣ ሌሎቹ የሚሞላቸው ውሃ አላገኙም፣ ብዙዎቹም አፈሰሱ። በመቀሌ ዙሪያ ያለው መሬት የኖራ ድንጋይና ሸክላማ ድንጋይ እየተፈራረቁ የተነባበሩበት ነው፤ ስንጥቁ ብዙ ነው፤ የአፈር ግድብ አስቀምጠው ውሃ ሲያቁሩበት በሥር በኩል መንገዱን ያገኛል። መጀመሪያ ይህ እንደ ሽንፈት ተቆጠረ። በአንዳንድ ቦታ ከግድቡ በታች ያሉ ገበሬዎች ግን የፈሰሰው ውሃ እነሱ ማሳ ሥር መምጣቱን አስተዋሉና ጉድጓድ ቆፈሩ። በቦይ ሊመጣላቸው የነበረው ውሃ በመሬት ውስጥ መጣላቸው፤ ሳይተን፣ ሳይቆሽሽ፣ የቦይ ተራ ጠባቂም ሳያስፈልገው። ግድቡ እንዲያፈስ ተብሎ ቢሠራ ኖሮ ዲዛይኑን እናደንቅ ነበር።

ከሁሉም ከባዱ የእጅ ሥራ ግን ቦረቦር ውስጥ ያለው ክትር ነው። እርከን ዳገት ላይ ከተበተነ ውሃ ጋር ነው የሚታገለው፤ ክትር ግን ተሰብስቦ፣ ድንጋይ እያንከባለለ ከሚመጣ ጎርፍ ጋር። በትግራይ 400 ደረቅ የድንጋይ ክትሮችን የመረመሩት ያን ኒሰንና ባልደረቦቻቸው፣ ከእነሱም አንዱ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ፕሮፌሰር ምትኩ ኃይሌ ነበሩ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ 39 በመቶው ፈርሶ እንዳገኙት እ.ኤ.አ. በ2004 ጽፈዋል። የሚፈርሰውም ከላዩ ያለው ውሃ ሰብሳቢ መሬት እየሰፋና ቁልቁለቱ እየበረታ በሄደ መጠን ነው። ይህን ቁጥር ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ከአሥር አራቱ መፍረሱ ያሳዝናል፤ ግን ማንም ሲሚንቶ ሳይነካው፣ በዓመት ሁለት ወር ብቻ በሚመጣ ቁጡ ጎርፍ መሐል፣ ከአሥር ስድስቱ መቆሙ ያስደንቃል።

የቆመውንና የወደቀውን የሚለያየው የጎርፉ ጉልበት ብቻ አይደለም፤ እጅም ነው። ጥሩ ክትር አናቱ ቀጥ ያለ አይደለም፤ መሐሉ ረገብ ይላል፣ ጎርፍ በመሐል ዘሎ እንዲያልፍ። አናቱን አስተካክሎ የሠራ ሰው ሥራው ያማረ ይመስለዋል፤ ጎርፉ ግን መሐሉን ትቶ ዳርና ዳሩን ይበላል፤ በክትሩ ጎን ዞሮ አዲስ ቦረቦር ያወጣል። የክትሩ ሁለት ክንዶች የቦረቦሩ ግድግዳ ውስጥ ተቆፍሮላቸው መግባት አለባቸው። ከታች ደግሞ፣ ውሃው ዘሎ በሚወድቅበት ቦታ፣ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ተነጥፈው ይጠብቁታል፤ ያለ እነሱ የሚወድቀው ውሃ መሠረቱን ቆፍሮ ክትሩን ወደ ፊት ይደፋዋል። የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል ከፍታ ላይ መሆን አለበት፤ በመሐላቸው የሚጠራቀመው ደለል የላይኛውን እግር እንዲደግፍ። ይህን ሁሉ አሟልቶ የተሠራ ክትር በጥቂት ክረምት ውስጥ ከኋላው ይሞላል፤ ደረጃ ይሆናል፤ ሣር ይበቅልበታል፣ እርጥበቱም በጋውን ይዘልቃል።

ልኬቱ ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 ደስታ ገብረሚካኤልና ባልደረቦቹ የድንጋይ እርከን ከማሳ የሚታጠበውን አፈር በአማካይ በ68 በመቶ እንደሚቀንስ አሳዩ። በደጉዓ ተምቤን፣ ሀገረ ሰላም አጠገብ ባለችው ማይ ዘግዘግ፣ ተፋሰሱ በእርከንና በክትር ከታሰረ በኋላ በጎርፍ መልክ የሚወጣው ውሃ ከዝናቡ 8 በመቶ ወደ 1.6 በመቶ ወረደ። የኒሰን ቡድን አንድ የሚገርም ነገርም ሠርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1868 በመቅደላ ዘመቻ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጡ ፎቶ አንሺዎች ያነሷቸውን ሥዕሎች ይዞ እዚያው ቦታ ቆሞ እንደገና አነሳ። ከ140 ዓመት በኋላ ተራራው ከበፊቱ የበለጠ ለብሶና ታስሮ ተገኘ። ድሮ ሁሉም ደን ነበር፣ አሁን ሁሉም ጠፋ የሚለውን ትረካ ለለመድን ሰዎች የማይዋጥ ሥዕል ነው።

ሽልማትም መጣ። የአብርሃ ወአጽብሃ የተፈጥሮ ሀብት ሥራ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2012 በሪዮ ደ ጄኔሮ የኢኳተር ሽልማት ከተሰጣቸው 25 የዓለም ማኅበረሰቦች አንዱ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ትግራይ ክልል በረሃማነትን በመከላከል ፖሊሲው የወርቅ ሽልማት አገኘ፤ ኦርዶስ፣ ቻይና ውስጥ። ስለ አባ ሓዊ ፊልም ተሠራ። ሽልማት መልካም ነው፤ ግን የሽልማት ንግግር ሁልጊዜ አንድ ሰው ይፈልጋል። አንድ ኪሎ ሜትር የድንጋይ እርከን ለመሥራት 250 የሰው ቀን ይታሰባል። ተራራው ላይ ስንት ኪሎ ሜትር እንዳለ ዓይን ያለው ይቁጠር።

እነዚያ ቀኖች የማን ነበሩ? በትግራይ ጉልበት ያለው ነዋሪ ሁሉ በዓመት 20 ቀን፣ ቀደም ባሉት ዓመታት ከዚያም በላይ፣ ያለ ክፍያ ተራራ ላይ ይሠራ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ በጥርና በየካቲት፣ አዝመራው ገብቶ እርሻ ሳይጀመር። ድንጋይ ፈልፍሎ የሚያወጣ አለ፤ ከድንጋዩ ቦታ እስከ ካቡ በጀርባና በቃሬዛ የሚያመላልሱ አሉ፣ ከእነሱም ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው፤ ድንጋይ አስቀማጩ ጥቂት ነው። ይህን ፍጹም በጎ ፈቃድ አድርጎ የሚያቀርብ ጽሑፍ አያሳምነኝም፤ ግዴታም ነበረበት፣ ኮታም ነበረበት። ኮታው ደግሞ በሜትር ነው። በሜትር የሚለካ ሥራ ረጅሙን ጎን ወደ ውጭ ያዞራል። ከላይ የጠቀስኩት የአቀማመጥ ጉድለት ከእውቀት ማነስ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ሪፖርት የሚጠብቅ ኃላፊም አለበት። አንዱ ተራራ ላይ ሁለት ካብ ጎን ለጎን ይገኛል፤ አንዱ የመሬቱ ባለቤት ለራሱ ማሳ የሠራው፣ አንዱ ለኮታ የተሠራው። ለመለየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

የዚህ አካባቢ እጅ ከድንጋይና ከፈሳሽ ጋር የኖረበት ዘመን ረጅም ነው። ከውቅሮ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው መቓብር ጋዕዋ እ.ኤ.አ. በ2007 ከክርስትና በፊት የነበረ ቤተ መቅደስ ተገኝቷል፤ ለአልመቃህ አምላክ የተሠራ፣ የሳባውያን ጽሑፍ የተቀረጸበት መሠዊያም አለበት። መሠዊያው የፈሰሰበትን መሥዋዕት የሚሰበስብና የሚያወርድ ቦይ ተቀርጾለታል። ከክርስቶስ ልደት ብዙ መቶ ዓመት በፊት የነበረው ጠራቢ ቁልቁለቱን ለክቶ፣ ፈሳሹ እንዳይቆምና እንዳይዘል አድርጎ ጠርቦታል። ቤተ ክርስቲያኑን የፈለፈሉት ደግሞ እንደዚያው አሸዋ ድንጋዩን አውቀውት ነበር፤ የት እንደሚጸና፣ የት እንደሚፈረፈር። ከእነሱ እስከ እርከን ሠሪው ድረስ ያልተቋረጠ ትምህርት አለ ብዬ አልምልም። ድንጋዩ ግን ያው ነው፤ የሚያስተምረውም ያው ነው።

ሌላውን ዓለም ያየ ሰው የእነዚህን እርከን ሠሪዎች ዘመዶች ያገኛል። ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ያኩባ ሳዋዶጎ በደረቅ መሬት ላይ በቆፈራቸው ጉድጓዶች ደን አበቀለ። ሕንድ ውስጥ፣ ራጃስታን፣ ራጄንድራ ሲንግ ከገበሬዎች ጋር ሆኖ የጥንት የአፈር ክትሮችን መልሶ እየሠራ የደረቁ ወንዞችን አስነሳ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የስቶክሆልም የውሃ ሽልማት ተሰጠው። በሁለቱም ቦታ ዘዴው አዲስ አልነበረም፤ ያለውን በደንብ መሥራት ነበር።

አሁን አሁን አዲስ የሥራ ቦታ ተከፍቷል፤ መንገድ። ከፍረወይኒ በሐውዜንና በአብርሃ ወአጽብሃ አድርጎ ውቅሮ የሚደርሰው መንገድ ሲሠራ እንደ ማንኛውም መንገድ የተራራውን ውሃ ሰብስቦ በቱቦ እየለቀቀ፣ ከታች ያለውን ማሳ መቦርቦር ጀምሮ ነበር። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ክፍለ ወልደአረጋይና ባልደረቦቻቸው ይህን ውሃ ወደ ኩሬና ወደ ማሰረጊያ ጉድጓድ የማዞር ሥራ ይዘው መንገዱን የውሃ መሰብሰቢያ አደረጉት። መንገድ ሠሪ ውሃን የሚያየው እንደ ጠላት ነው፤ በተቻለ ፍጥነት ከአስፋልቱ ያባርረዋል። እዚህ ግን ከቱቦው አፍ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ድንጋይ እየተነጠፈ፣ ፍጥነቱ እየተሰበረ፣ ኩሬው አፍ ሲደርስ ደለሉን የሚጥልበት ትንሽ ጉድጓድ እየተበጀለት ይወርዳል። ንጣፉ ላይ ያለው የእጅ ሥራ ክትሩ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው፤ ጠፍጣፋው ድንጋይ በጎኑ እንጂ በሆዱ አልተኛም፣ ውሃው እንዳያነሳው።

ከ2013 ዓ.ም. እስከ 2015 የዘለቀው ጦርነት ዛፍ አስቆርጧል፣ የተፋሰስ ሥራም አቋርጧል። ዛፍ ለማገዶ ይሄዳል፤ የተካበ ድንጋይ ግን ማንም አያቃጥለውም። ግን ካብ ሳይነካ የሚቆይ ነገር አይደለም። ከኋላው አፈር በሞላ ቁጥር አናቱ ከመሬቱ ጋር እኩል ይሆናል፤ ያኔ ውሃ እንደ ልቡ ይዘለዋል። ስለዚህ በየጥቂት ዓመቱ አንድ ወይም ሁለት ረድፍ መጨመር አለበት፤ ያንኑ ዘመምታ ጠብቆ፣ ረጅሙን ጎን ወደ ውስጥ አድርጎ። ከካቡ በላይ ያለው ጉድጓድ በደለል ከሞላ ይጠረጋል። የክትሩ መሐል በድንጋይና በቆሻሻ ከተዘጋ ከሰኔ በፊት ይከፈታል። ይህ ሥራ በአዲስ ኪሎ ሜትር አይመዘገብም፤ ሪፖርት ውስጥ ለጥገና የተለየ ዓምድ እስኪከፈት ድረስ የሚሠራው በራሱ ጊዜ፣ ማሳው ከሥሩ ያለበት ሰው ነው።